በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ላይ የማግኔቶሜትር ልኬት፦ ከዝግጅት እስከ ቁፋሮ ነጥብ

ማግኔቶሜትር (የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ የሚለካ መሣሪያ) ተሸክሞ ቁጥር መሰብሰብ ከባድ አይደለም። ጉዱ የሚታየው ማታ ኮምፒውተር ሲከፈት ነው፦ ጎን ለጎን የተለኩ መስመሮች አይገጥሙም፣ ካርታው ከሰሜን ወደ ደቡብ በተጎተተ ሰንበር ይሞላል፣ ይባስ ብሎም የጉድጓዱ ችካል ዳይኩ (ማግማ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የቀዘቀዘበት እንደ ግድግዳ የቆመ ድንጋይ) በሌለበት ይተከላል። የአብዛኛው ስህተት ምንጭ አንድ ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕሎች የተሠሩት የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ወደ ታች አዘቅዝቆ ለሚገባባቸው አገሮች ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ ግን በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ እዚህ መስኩ አግድም ተኝቷል። ስለዚህ የመሣሪያው አያያዝም፣ የሥራው ሰዓትም፣ የመስመሩ አቅጣጫም፣ የካርታው ንባብም ይለወጣል።

መመሪያው የተዘጋጀው ለአንድ የተለመደ ሥራ ነው፦ ባዛልት በሸፈነው አካባቢ፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቦታ ላይ፣ ለከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ዳይክና ስንጥቅ መፈለግ። ማዕድን ለሚፈልግም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

1. ከመውጣታችሁ በፊት ቁጥሮቹን አውጡ

የቦታውን ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ አስገብታችሁ ከዓለም አቀፉ የመስክ ሞዴል (አይጂአርኤፍ) ሦስት ቁጥር ውሰዱ፦ ጠቅላላ ጥንካሬ፣ ኢንክሊኔሽን (መስኩ ከአግድም የሚያዘቀዝቅበት ማዕዘን)፣ ዴክሊኔሽን (መግነጢሳዊ ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን የሚርቅበት ማዕዘን)። ሞዴሉ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ለሚደረግ ልኬት 14ኛውን እትም ተጠቀሙ፤ አሮጌ ሶፍትዌር ውስጥ የተቀመጠው እትም ያረጀ ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ አካባቢ ጥንካሬው 36,000 ናኖቴስላ (የመስክ ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ነው፤ ኢንክሊኔሽኑ ከ0 ብዙ አይርቅም። ወደ ትግራይ ስትሄዱ መስኩ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ ወደ ቦረና ስትወርዱ ወደ ላይ ይቀናል፣ ማለትም ኢንክሊኔሽኑ ነጌቲቭ ይሆናል። ነጌቲቭ ምልክቷን እንዳትጥሏት። ሦስቱን ቁጥሮች በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ፤ በደረጃ 8 እና 9 ትመለሱባቸዋላችሁ።

ከዚያ መሣሪያውን ቃኙ። ከአውሮፓ ወይም ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ፕሮቶን ማግኔቶሜትር (መስኩን ፕሮቶኖች በሚዞሩበት ፍጥነት የሚለካ ዓይነት) ብዙ ጊዜ ወደ 50,000 ናኖቴስላ ተቃኝቶ ይደርሳችኋል። ፕሮቶን በ36,000 ናኖቴስላ ላይ የሚዞረው በሰከንድ 1,533 ጊዜ ያህል ነው፤ በ50,000 ላይ ግን ከ2,100 በላይ። መቃኛው ካልተስተካከለ መሣሪያው የፕሮቶኖቹን ምልክት አይሰማም፤ የሚያወጣላችሁ ቁጥር ዝም ብሎ የተወረወረ ይሆናል። በራሱ የሚቃኝ ቢሆንም የመነሻውን ቁጥር በእጃችሁ 36,000 አድርጉለት።

በመጨረሻም የፀሐይ ማዕበል ትንበያ እዩ። የኬፒ መለኪያ (የመሬት መስክ በማዕበሉ ምን ያህል እንደሚናወጥ የሚያሳይ ቁጥር) 5 እና ከዚያ በላይ የሚሆንበት ቀን ከሆነ ሥራውን ወደ ሌላ ቀን አዛውሩ።

2. መስመሮቹን ንደፉ

መስመር የሚሰመረው የምትፈልጉትን ነገር አቋርጦ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ግን እዚህ አገር የዳይኩ አቅጣጫ ራሱ ምልክቱን ሊያጠፋው መቻሉ ነው።

መስኩ አግድም ሆኖ ወደ ሰሜን ስለሚሄድ፣ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሆነ ዳይክ መስኩን አቋርጦት ይቆማል፤ ጎልቶ ይታያል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ዳይክ ግን ከመስኩ ጋር አብሮ ስለሚተኛ ከሁለቱ ጫፎቹ በቀር ምልክት አይሰጥም ማለት ይቻላል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ የምልክቱ መጠን ዳይኩ ከመግነጢሳዊ ሰሜን ጋር በሚሠራው ማዕዘን ሳይን ካሬ ይወሰናል። ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ከሆነ ግማሹ ይቀራል፤ 20 ዲግሪ ከሆነ 12 በመቶ ብቻ። በዋናው ስምጥ ሸለቆ የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ የሚሄደው ወደ ሰሜን–ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ማለትም ማግኔት ለማየት በሚቸገርበት አቅጣጫ።

ስለዚህ፦

- የጂኦሎጂ ካርታና የሳተላይት ምስል ላይ የስንጥቆቹን አቅጣጫ አስቀድማችሁ ለኩ።
- ከምሥራቅ–ምዕራብ ብዙ ካልራቀ መስመሮቹን ሰሜን–ደቡብ አድርጉ።
- ከሰሜን በ30 ዲግሪ ውስጥ ከሆነ መስመሩን አቋርጣችሁ ሥሩ፤ ነገር ግን በማግኔት ብቻ አትተማመኑ። የኤሌክትሪክ ሬዚስቲቪቲ ልኬት (መሬቱ ለኤሌክትሪክ ጅረት ያለውን ተቃውሞ መለካት) በጀት ከመጀመሪያው ያዙ። ከሥራ በኋላ "ምንም አልታየም" ብሎ ሪፖርት መጻፍ ለባለቤቱም ለእናንተም ኪሳራ ነው።
- በመስመሮች መካከል ያለው ርቀት ከሴንሰሩ እስከ ዳይኩ አናት ካለው ጥልቀት 2 እጥፍ አይብለጥ። አናቱ 20 ሜትር ላይ ይሆናል ብላችሁ ከገመታችሁ 40 ሜትር የመጨረሻው ድንበር ነው።
- በመስመሩ ላይ በየ5 ሜትሩ ለኩ።
- ሁሉንም የሚያቋርጡ ቢያንስ 3 ማሰሪያ መስመሮች ጨምሩ። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዙት እነዚህ ናቸው፤ አትሰርዟቸው።

3. ሰዓቶቹን አንድ አድርጉ

ይህን ደረጃ እንዳትዘሉት። እዚህ አገር ሦስት ሰዓት አብሮ ይሠራል። የእጅ ሰዓታችሁ ጠዋት 3፡00 ሲል፣ በአገር ውስጥ አቆጣጠር የተሞላው መሣሪያ 9:00 ይላል፤ ጂፒኤሱ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት 6:00 ይላል። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ ፋይሉ በጎርጎርዮሳዊ ቀን ይሰየማል፣ ደብተሩ በኢትዮጵያ ቀን ይጻፋል።

አንድ ምረጡና ሁሉንም በእሱ ሙሉ። የሚሻለው የጂፒኤሱ ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፣ ማንም አይነካውምና። ደብተር ላይ የምትጽፉትም ከመሣሪያው ስክሪን የተነበበውን ሰዓት ይሁን፤ ከእጅ ሰዓት አትጻፉ። ጠዋትና ማታ ሁለቱን መሣሪያዎች (ይዛችሁ የምትዞሩትንና አንድ ቦታ ቆሞ የሚለካውን ቤዝ) ጎን ለጎን አቁማችሁ የሁለቱን ሰዓት ልዩነት በሰከንድ መዝግቡ።

ከተሳሳተ፦ ስህተቱ ድፍን ሰዓት (3 ወይም 6) ከሆነ የቤዙን ፋይል በዚያው ልክ ግፉት። በጥቂት ደቂቃ ከሆነ ደግሞ፣ በተለያየ ሰዓት ሁለቴ የተለኩ ነጥቦችን ያዙና ልዩነታቸው ትንሹ እስኪሆን ድረስ የቤዙን ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ እየገፋችሁ ፈትኑ።

4. ራሳችሁን ከብረት አጽዱ

ሴንሰሩን የሚይዘው ሰው ስልክ፣ ቁልፍ፣ ቀበቶ፣ የእጅ ሰዓት፣ ሳንቲም፣ ብረት ያለበት ጫማ አይኑርበት። የጂኦሎጂ መዶሻና ኮምፓስ ከሌላ ሰው ጋር ይቆይ። መስመር የሚጠቁመው ሰው ከዘራ ከያዘ ጫፉን እዩት።

ከዚያ ፈትኑ፦ አንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ሴንሰሩን ሳታነቃንቁ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብና ምዕራብ እየዞራችሁ ለኩ። አራቱ ንባቦች ከ2 ናኖቴስላ በላይ መለያየት የለባቸውም። ከተለያዩ አንድ አንድ ዕቃ እያወጣችሁ ድገሙ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጫማ ነው።

እረኞችና ገበሬዎች መሰብሰባቸው አይቀርም፤ ሥራውን በትህትና አስረዱና ማጭድና ገጀራ የያዘው ትንሽ ራቅ እንዲል ለምኑ። አጃቢ ታጣቂ ካለ ከነጠመንጃው 15 ሜትር ይራቅ። አጃቢው "እኔማ አጠገባችሁ ነው የምሆነው" ካለ ግን ጭቅጭቅ አያስፈልግም፤ ሁልጊዜ በአንድ ጎንና በአንድ ርቀት እንዲሄድ አድርጉ።

መኪና በ10 ሜትር ላይ 40 ናኖቴስላ ገደማ ያዛባል፣ በ30 ሜትር ወደ 1 ይወርዳል፤ 50 ሜትር አርቃችሁ አቁሙት። ከቆርቆሮ ቤት፣ ከሽቦ አጥር፣ ከብረት ቧንቧ ጉድጓድና ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ የተለካውን ሁሉ ደብተር ላይ ምልክት አድርጉበት። አዲስ አበባ ውስጥ የቀላል ባቡሩ በቀጥተኛ ጅረት ስለሚሠራ ወደ መሬት የሚያፈስሰው ጅረት ልኬት ያናውጣል፤ ሃዲዱ አጠገብ ለመሥራት አትሞክሩ።

5. ቤዙን ትከሉ

የምድር ወገብ ችግር ዋናው ይኸው ነው። ቀን ቀን፣ ከ105 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ዙሪያ ጠባብ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ጠዋት ይጀምራል፣ ከቀኑ 5 እስከ 6 ሰዓት ጣሪያ ይነካል፣ ከሰዓት በኋላ ይደክማል። እዚህ መስኩ አግድም ስለሆነ ጅረቱ የሚጨምረው ሁሉ በቀጥታ በጠቅላላው ጥንካሬ ላይ ይታያል። ከሌሊቱ ጋር ሲነጻጸር የቀትሩ ንባብ በ50፣ በ80፣ አንዳንዴም ከ100 በላይ ናኖቴስላ ይጨምራል። ጠዋት ላይ በሰዓት 20 እና 30 ናኖቴስላ መውጣት የተለመደ ነው፤ የምትፈልጉት ዳይክ ራሱ ከዚያ ብዙ የማይበልጥ ምልክት ሊኖረው ይችላል።

1. ከመኪና፣ ከቤትና ከመንገድ የራቀ ቦታ ምረጡ። ከመሃሉ በአራቱም አቅጣጫ 5 ሜትር እየሄዳችሁ ለኩ፤ ልዩነቱ ከጥቂት ናኖቴስላ ካለፈ ቦታ ቀይሩ። ባዛልት ላይ እንዲህ ያለ ረጋ ያለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ አፈሩ ወፈር ያለበትን ሜዳ ፈልጉ።
2. ሴንሰሩን በእንጨት ወይም በአሉሚኒየም ዘንግ ላይ፣ ነፋስ እንዳይነቀንቀው አጥብቃችሁ ትከሉ። ሳጥኑን ጥላ አልብሱት።
3. በየ10 ወይም በየ20 ሰከንዱ እንዲለካ አድርጉ።
4. የመጀመሪያውን መስመር ከመጀመራችሁ 15 ደቂቃ በፊት አስነሡት፤ የመጨረሻው መስመር ካለቀ ከ15 ደቂቃ በኋላ አጥፉት።
5. ጠባቂ አስቀምጡ። ከብት ሽቦውን በጥሶት የቤዝ ፋይሉ እኩለ ቀን ላይ ሲቋረጥ የቀኑ ሥራ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው።

ለሁሉም ቀናት ቤዙ እዚያው ነጥብ ላይ ይቁም፤ ችካል ምቱ፣ እንጨት ይሁን እንጂ።

ሁለተኛ መሣሪያ ከሌለ፦ በየ20 ደቂቃው ወደ ቤዙ ነጥብ እየተመለሳችሁ ለኩ፤ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት አትሥሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማግኔት ታዛቢ ጣቢያ መረጃ በየደቂቃው ስለሚመዘገብ ቀኑ ሰላማዊ እንደነበር ለማረጋገጥ ይጠቅማል። አዲስ አበባ አጠገብ ካልሆናችሁ ግን በቤዝ ፈንታ አትውሰዱት፤ ያ የሰማይ ጅረት ጠባብ ስለሆነ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ስትርቁ መጠኑ ቶሎ ይለወጣል።

6. ሴንሰሩን በትክክል አቅኑ፣ ከዚያ ተራመዱ

ፕሮቶን ማግኔቶሜትር ከያዛችሁ የሴንሰሩ ጥቅል ሽቦ ዘንግ ለመስኩ ቀጤ ነክ መሆን አለበት። እዚህ ይህ ማለት ዘንጉ ወይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወይ ወደ ምሥራቅ–ምዕራብ ይተኛል ማለት ነው። ወደ ሰሜን–ደቡብ ከተኛ ምልክቱ ይሞታል። የዘንጉን አቅጣጫ ከመሣሪያው መመሪያ አረጋግጡ፤ በሴንሰሩ ላይ ያለው ቀስት ሁልጊዜ ዘንጉን አያመለክትም። ሲዚየም (ሌላ የማግኔቶሜትር ዓይነት) ከሆነ ደግሞ ዘንጉን ከመስኩ በ45 ዲግሪ፣ በሰሜን–ደቡብ አቅጣጫ አዘንብሉት።

ሴንሰሩን ከመሬት 2 እስከ 3 ሜትር ከፍ አድርጉ። ዝቅ ካለ በማሳው የተበተነው ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ካርታውን ይወርረዋል።

በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቁሙ፣ ዘንጉን አቅኑ፣ ለኩ፣ ቁጥሩን አይታችሁ ብቻ እለፉ። በየ20 ነጥቡ አንዱን ሁለቴ ለኩ። ከ1 ናኖቴስላ በላይ ከተለያየ አቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ፦

- *ንባቡ በ10 እና በ20 ይዘላል፦* ባትሪ፣ የላላ ኬብል፣ ወይም ቅርብ ያለ የኤሌክትሪክ መስመር። በዚሁ ቅደም ተከተል ፈትሹ።
- *አንድ ቦታ ላይ ብቻ የምልክቱ ጥራት ይወድቃል፦* መስኩ በአጭር ርቀት በጣም እየተለወጠ ነው። ሴንሰሩን በአንድ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ካልሆነ ዝለሉትና ጻፉት።
- *በኮረብታ አናት ላይ በጥቂት ሜትር ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ናኖቴስላ ይወጣና ይወርዳል፦* ብረት ተቀብሮ ካልሆነ መብረቅ የመታው ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ደጋ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ትልቅ ቁጥር ስለሆነ ብቻ አትጓጉለት።

7. ድንጋዩን ራሱን ጠይቁ

ብዙ ቡድን ይህን ትቶ ይመለሳል፤ በኋላ ካርታውን ሲተረጉም ይንገዳገዳል። ባዛልት ሁለት መግነጢስ አለው። አንዱ የዛሬው መስክ የሚያሳድርበት ነው። ሌላው ላቫው ሲቀዘቅዝ የያዘው ቀሪ መግነጢስ ነው፤ የዚያን ዘመን አቅጣጫ ይዞ ቀርቷል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሱት የደጋው ባዛልቶች የተነጠፉት የመሬት ዋልታ በተገለባበጠበት ዘመን ስለሆነ፣ አንዱ ንጣፍ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ተመግንጦ ሊገኝ ይችላል።

ከመሬት ወጥቶ በሚታይ ድንጋይ ሁሉ ላይ፣ ትኩስና ለስላሳ ፊት መርጣችሁ፣ በእጅ መለኪያ የመመግነጥ አቅሙን (ሰሴፕቲቢሊቲ) ቢያንስ 10 ጊዜ ለኩና መካከለኛውን ውሰዱ። የተበላሸ ቀይ ቅርፊት ላይ አትለኩ።

ቀሪው መግነጢስ መበርታቱን በኮምፓስ መፈተን ትችላላችሁ። ጭብጥ የሚያክል ድንጋይ ወስዳችሁ አንዱን ጎን ወደ መርፌዋ ጫፍ አስጠጉ፣ ከዚያ ገልብጡት። ሁለቱም ጎን መርፌዋን ከሳበ የዛሬው መስክ ያሳደረበት ይበልጣል። አንዱ ስቦ ሌላው ከገፋ ቀሪው በርትቷል። ለላቦራቶሪ ናሙና ስትወስዱም አቅጣጫውን በፀሐይ ኮምፓስ ምልክት አድርጉ፤ ባዛልት ላይ የተቀመጠ ማግኔታዊ ኮምፓስ ይዋሻል።

ውጤቱ ሲመጣ እንዲህ አስቡት፦ 36,000 ናኖቴስላ ማለት 28.6 አምፔር በሜትር ነው። የድንጋዩ ሰሴፕቲቢሊቲ በኤስአይ 0.03 ከሆነ የዛሬው መስክ የሚያሳድርበት 0.86 አምፔር በሜትር ይሆናል። ላቦራቶሪው ቀሪውን 3 ካለ፣ ቀሪው ከ3 እጥፍ በላይ ይበልጣል ማለት ነው፤ ካርታችሁን የሚመራው እሱ ነው።

8. በዚያው ማታ አስተካክሉ

ቅዳሜን አትጠብቁ። ስህተት የሚታረመው ገና ቦታው ላይ እያላችሁ ነው።

1. ፋይሎቹን ገልብጡ፤ ዋናውን አትንኩ።
2. ለቤዙ አንድ መነሻ ቁጥር ምረጡ፣ ለሁሉም ቀናት ያው ይሁን።
3. ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ፣ በዚያ ቅጽበት ቤዙ ከመነሻው የጨመረውን ቀንሱ። ለምሳሌ በመስመሩ ላይ 36,214.6 ለክታችኋል፤ ቤዙ በዚያ ሰዓት 36,058.3 ነበር፤ መነሻው 36,020.0 ነው። ቤዙ የጨመረው 38.3፤ የተስተካከለው 36,176.3።
4. የተደገሙ ነጥቦችን አወዳድሩ። ከማስተካከሉ በኋላ ልዩነታቸው ከጨመረ ምልክቱን ገልብጣችኋል፦ መቀነስ ሲገባ ደምራችኋል።
5. ማሰሪያ መስመሮቹ የሚያቋርጡበትን እዩ። ከ5 ናኖቴስላ በላይ የሚለያይ መገናኛ ካለ በሶፍትዌር ለማለስለስ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የጂፒኤስ ቦታውን፣ ቀጥሎ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ የሴንሰሩን ከፍታ መርምሩ።
6. በመጨረሻ የአይጂአርኤፉን ቁጥር ቀንሱ። ለአንድ ኪሎ ሜትር ስፋት አንድ ቋሚ ቁጥር ይበቃል።

9. ካርታውን ሥሩ፣ ወደ ዋልታ መመለስን ግን ተዉት

የካርታውን ሴል (ካርታው የሚከፈልበትን ትንሿን ካሬ) የመስመሮች ርቀት አንድ አራተኛ ወይም አንድ አምስተኛ አድርጉ። ከዚያ ያነሰ አዲስ መረጃ አይወልድም።

አሁን ሶፍትዌሩ ካርታውን መስኩ ቁልቁል በሚገባበት በዋልታ ላይ እንደተለካ አድርጎ እንዲቀይር የምታዙበት ቁልፍ አለ። አትጫኑት። ኢንክሊኔሽኑ ወደ 0 ሲጠጋ ሂሳቡ ለዜሮ በቀረበ ቁጥር ያካፍላል፤ በሰሜን–ደቡብ የተዘረጋውን ጥቃቅን ስህተት ሁሉ አባዝቶ ያንን የታወቀ ሰንበር ይሥላል። ሰንበሩን ስንጥቅ ነው ብሎ የተረጎመ ሪፖርት ማግኘት አያስቸግርም። በምትኩ፦

- ካርታውን ወደ ምድር ወገብ ቀይሩት፣ ማለትም መስኩ ፍጹም አግድም በሆነበት እንደተለካ አድርጉት፤ እዚህ ለውጡ ትንሽ ስለሆነ አይበላሽም።
- አናሊቲክ ሲግናሉን (የመስኩን ለውጥ በሦስቱም አቅጣጫ አጠቃልሎ የአካሉን ጠርዝ የሚያሳይ ስሌት) ሥሩ። የሰሜን–ደቡብ ጠርዞችን ግን እሱም ደካማ አድርጎ እንደሚያሳይ አስታውሱ።
- ደንበኛው የግድ ወደ ዋልታ የተመለሰ ካርታ ከጠየቀ፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ ለመጠን ማረሚያ የሚሰጠውን ኢንክሊኔሽን ከፍ አድርጉ (20 ወይም 30 ዲግሪ)፤ ይህንንም በካርታው ግርጌ ጻፉት።

10. ዝቅታውን አንብቡ

የመማሪያ መጽሐፉን ሥዕል ይዘው "ቀዩን ከፍታ ቁፈሩ" የሚሉ ብዙ ናቸው። እዚህ ተቃራኒው ነው። የዛሬው መስክ ብቻ የመገነጠው አካል በቀጥታ ከላዩ የሚያሳየው ዝቅታ ነው፤ ከሰሜኑና ከደቡቡ ትንንሽ ከፍታዎች ያጅቡታል። ከፍታው ላይ ችካል ከመታችሁ ከዳይኩ ጎን ቆማችኋል። በአካሉ ላይ ትልቅ ከፍታ ካያችሁ ደግሞ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ፦ ድንጋዩ ዋልታ በተገለበጠበት ዘመን የተመገነጠ ሊሆን ይችላል።

ለጥልቀት የመጀመሪያ ግምት የምልክቱን ቁልቁለት ተጠቀሙ። ከፍተኛው ቁልቁለት ያለበትን ቦታ ያዙ፣ ከዚያ በግራና በቀኝ ቁልቁለቱ ግማሽ የሚሆንባቸውን ሁለት ነጥቦች ፈልጉ፤ በመካከላቸው ያለውን አግድም ርቀት ለ1.6 አካፍሉ። የሴንሰሩን ከፍታ ከውጤቱ ላይ መቀነስ አትርሱ። ስህተቱ ከ30 በመቶ ያንሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

ለውሃ ከሆነ ዳይኩ ብዙ ጊዜ የውሃውን መንገድ የሚዘጋ ግድግዳ ስለሆነ፣ ጉድጓዱ የሚመረጠው ውሃው ከሚመጣበት ጎን ነው፤ ዳይኩ አናት ላይ አይደለም። እዚያ ጎን ላይ ሁለት ወይም ሦስት የሬዚስቲቪቲ ልኬት አድርጉ፣ ከማግኔቱ ጋር ሲስማማ ችካሉን ምቱ። ለቆፋሪው የምትሰጡት ወረቀት ላይም የነጥቡን የጂፒኤስ ቁጥር፣ የዳይኩን አቅጣጫና የተገመተውን ጥልቀት ከነስህተቱ ጻፉ፤ ችካሉ በከብት ቢነቀል ነጥቡን መልሶ ማግኘት የሚቻለው በዚያ ወረቀት ነው።